ውሃ የፈራሁበት ሰሞን

ከማደንዘዣው ስነቃ ከሁሉ በፊት ያወቅሁት ሽንቴ መምጣቱን ነው። የት እንዳለሁ አላወቅሁም፤ ማን እንዳመጣኝ፣ ጧት ይሁን ማታ አላወቅሁም። ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ዓይኔ አልገለጥ ብሏል። ሽንቴ ግን መጥቷል፤ ያውም ጊዜ የማይሰጥ፣ አሁኑኑ የሚል ሽንት።

እግሬን ከአልጋው ላወርድ ስል አንዲት ነርስ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

“ልሽና ነው እኮ፣ ልቀቂኝ።”

“አባባ፣ ሽንትዎ በቱቦው እየወረደ ነው። ዝም ብለው ይተኙ።”

“የምን ቱቦ?”

“ይኸው። ወደዚህ ከረጢት ይወርዳል። የመጣብዎ የሚመስልዎት ቱቦው ፊኛዎን ከውስጥ እየነካው ነው። አይግፉ፤ በገፉ ቁጥር ይብስብዎታል።”

“ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስሸና ኖሬያለሁ። ሽንቴ መምጣት አለመምጣቱን ካንቺ ነው የምማረው?”

ገፋሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አትግፋ ያሉኝን እገፋለሁ። ስገፋ ከእምብርቴ በታች ያለው ነገር እንደ ሚስማር ተቸነከረብኝ። በቱቦው ዳር ደም ያዘለ ሽንት ሾልኮ አንሶላውን አራሰው። ያም ሆኖ ሽንቴ አልሄደም፤ እንደመጣ ነው። ቱቦውን መዝዤ ልጥለው እጄን ስሰድ ሁለት ሆነው ያዙኝ። ጫፉ ውስጥ በውሃ ተነፍቶ ነው የቆመው፣ ቢጎትቱት ሥጋዎን ይዞ ይወጣል ትለኛለች ነርሷ። “ይውጣ!” እላታለሁ። ባለቤቴ ከውጭ ድምፄን ሰምታ “ያ ረቢ፣ ሰውየውን አረዱት!” ስትል ሰማኋት። ኋላ መርፌ ጨመሩልኝና ያ ችንካር እየላላ፣ እየላላ ሄደ። ሽንቴ የመጣ መሆኑ ቀርቶ ሊመጣ የሚያስብ መሰለኝ። በዚያ ሰዓት ይህም ትልቅ እረፍት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ይህን ነገር አፍ አውጥቶ ስለማይናገር ነው። እኔም አልተናገርሁም ነበር።

ቤቴ ይፋት ቆላ ነው፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ። ሽንኩርትና ማሾ እዘራለሁ። ዝናባችን የሚታመን ስላልሆነ ሥራችን ሁሉ ውሃ ነው። ወንዙን ከላይ በድንጋይና በአፈር ጠልፈን በቦይ እናመጣና በተራ እናጠጣለን። ጠለፋው ሲዘጋ የታችኛው ቦይ ይደርቃል፤ ሲከፈት ይሞላል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። በእኔ ላይ የደረሰው መከራ ግማሹ የመጣው ይህንኑ ለገላዬም ይሠራል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጀመረኝ ሽንቴ መቅጠን ነበር። ቁጢጥ እላለሁ፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አለቀ ብዬ ስነሳ እንደገና ይመጣል። ማሳው ከማሳዬ ጋር በአንድ ቦይ የሚጠጣ ጎረቤት አለኝ፤ አብሮ አደጌ ነው፣ አፉ ስለት ነው። “አንተ ሰው፣ እኔ ስንቱን መደብ አጠጥቼ ስመለስ አንተ አሁንም እዚያው ነህ። እንቁላል ታቅፈህ ነው እንዴ?” ይለኛል። እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ሽንቴ ጭራሽ እምቢ ብሎ ቁጢጥ እንዳልሁ ቀረሁና ደጋ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። የሽንት መውጫውን ያነቀው እጢ ነው አሉ። ሆዴን ሳይቀዱ በዚያው በመውጫዬ ብረት አስገብተው ፋቁት። እኔ ተኝቼ ነበርና ምንም አላየሁም።

ቱቦው የወጣልኝ ዕለት ከእስር የተፈታሁ መሰለኝ። ነርሷ የሽንት ዕቃ ሰጥታ “ቆመው ይሞክሩ” አለችኝ። ቆሜ አልሸናም አልኋት። እኔን ያህል ሽማግሌ ለምን ብሎ ቆሞ ይሸናል? መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጢጥ አልሁ። መጣ። መምጣቱስ መጣ፤ ግን በቁስል ላይ ሚጥሚጣ ሲነሰነስ አስቡት፣ ያውም ከውስጥ። ግድግዳውን በጭንቅላቴ መታሁት። ከወረደው ሽንት የወረደው እንባዬ ይበዛል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሲያሰናብተኝ እንዲህ አለኝ፦ “ውስጡ ቁስል ነው አባባ፤ እስኪድን ያቃጥላል። ውሃ በብዛት ይጠጡ። አያምጡ። ጫት እንዳይነኩ፣ ሽንት ይዘጋል። ጭራሽ እምቢ ካለዎት ደግሞ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።” እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ባለቤቴ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ቋጥራ ይዛው ወረደች።

ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው መኪናው በዘለለ ቁጥር ሽንቴ ይመጣል። ደብረ ሲና ሳንደርስ “አውርደኝ”፣ ደብረ ሲናን ሳንርቅ “አውርደኝ”። ሾፌሩ “ኧረ አባባ፣ እንዲህ ከሆነማ በእግር ይቀድሙን ነበር” አለና ተሳፋሪው ሳቀ። ከመንገዱ ዳር ቁጢጥ ብዬ የፎጣዬን ጫፍ ነክሼ አቃስታለሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን ዘርግታ ትከልለኛለች።

የቤቱ ግን ባሰ። የአገራችን ሙቀት የታወቀ ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦም ሰው ይቀልጣል። ከጠጣሁ እሸናለሁ፣ ከሸናሁ እቃጠላለሁ። ሸንቼ ስነሳ ደግሞ ጠብታው አያቆምም። ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ለሶላት እቆማለሁ፤ ገና እጄን ሳነሳ ሽርጤ ላይ ጠብ ይላል። ነጃሳ፣ እድፍ ነካኝ ብዬ ታጥቤ፣ ሽርጥ ለውጬ እመለሳለሁ። ጠብ። መስጊድ መሄዴን ተውሁ። የመስጊዳችንን ሼህ እንዳልጠይቅ አፈርሁ፤ በሰው መሃል “ሼህ፣ ያፈሰኛል” እንዴት ይባላል? ከጎረምስሁ ጀምሮ በፈቃዴ ሶላት አሳልፌ አላውቅም። አሁን አዛን በተሰማ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ቃጠሎው አሳመመኝ እንጂ የሰበረኝስ ይህ ነው። እንዲህ ሆኜ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል ያልሁባቸው ቀኖች አሉ፤ አስተግፊሩላህ፣ ብያለሁ።

ታዲያ አሰብሁ። ከላይ ጠለፋው ከተዘጋ ከታች ምን ይንጠባጠባል? ውሃ ካልጠጣሁ አልሸናም። ካልሸናሁ አያቃጥለኝም፣ አያፈሰኝም። ካላፈሰኝ እሰግዳለሁ። ሐኪሙ ይህን የመሰለ ብልሃት አለማወቁ ገረመኝ።

ባለቤቴ ውሃ በጆግ ሞልታ ጎኔ ታስቀምጣለች። ጀርባዋን ስትሰጥ ከጓሮ ያለው ፓፓያ ሥር እደፋዋለሁ። መለስ ብላ ባዶውን ስታይ ደስ ይላታል። አንድ ቀን ከጓሮ ዞራ መጣችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

“ፓፓያው ሥር ጭቃ ሆኗል” አለችኝ።

“ዝናብ ይሆናል።”

“በዚህ ፀሐይ? ማነው የታመመው፣ ፓፓያው ነው ወይስ አንቱ?”

“አትጨቅጭቂኝ። የሚያቃጥለው እኔን ነው።”

“ሐኪሙ ጠጡ አለ።”

“ሐኪሙ አይሰግድልኝም።”

 ለካ ያኔ ነው ስለ ሶላቱ የገባት። ጆጉን እንደገና ሞልታ አስቀመጠችው፤ እኔም እንደገና ደፋሁት።

ሽንቴ እያነሰ ሄደ፤ እንዳሰብሁት ነው። ያቺ ያነሰችው ግን ጠቆረች፣ ሸተተች፣ ቃጠሎዋ ከፊተኛው በለጠ። አንዲት ጭልፋ የማትሞላ ሽንት ወገቤን ቆርጣ ትጥለኝ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እኔ ግን ጠለፋውን በደንብ አልዘጋሁትም፣ ውሃ ከሆነ ቦታ እየሰረገ ነው ብዬ ሾርባውንም ተውሁት።

አንድ ቀን ረፈድ ሲል ያ ጎረቤቴ ሌሎች ሽማግሎች አስከትሎ መጣ። ጫት በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። በእኛ ዘንድ ታማሚ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ እየቃሙ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ታማሚውም አብሮ ይቅማል፣ ይመረቃል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

“ዱዓውን አድርጉላቸው፤ ጫቱን ግን ሐኪም ከልክሏቸዋል።”

“ሐኪሙ የደጋ ልጅ ነው። ጫት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?” አለ ጎረቤቴ።

“ሽንት ይዘጋል ብሏል።”

“ታዲያ እሱስ የፈለገው ይህንኑ አይደል? የታጠበ ሽርጡ ካጥሩ ላይ ወርዶ ያውቃል? የማናይ መሰለሽ?”

ሁሉም ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ግን ደግሞ ነገሩ ልቤ ገባ። ይዘጋል ካለማ መድኃኒቴ ነው!

“አንቺ፣ አሳልፊያቸው” አልኋት። “ለዱዓ የተቃመ ጫት አይጎዳም።”

“ይሁን” አለች። “ይሁን፤ እኔ አላየሁም።”

ቃምሁ። ውሃውን ከንፈሬን ላርስበት ያህል ብቻ ቀመስሁት። ዱዓው ደረሰ፣ አሚን አልን። ቆይቶ ሕመሙ ራቀኝ፣ ጨዋታ አማረኝ፤ ከቀዬው ሰው ሁሉ እኔ በላጭ አውሪ ሆንሁ። የዙሁር ሶላት ሲቃረብ ልጸዳ ውሃ የያዘ ኩስኩስቴን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቁጢጥ አልሁ። ምንም የለም። ጠብታ እንኳ የለም። አልሃምዱሊላህ አልሁ! ውዱእ አደረግሁ፣ ገብቼ ሰገድሁ። ሽርጤ ደረቅ ነው። ሱጁድ ወርጄ በግንባሬ ተደፍቼ አለቀስሁ፣ በደስታ።

ደስታው ቁርጠቱ እስኪጀምር ነው። ከእምብርቴ በታች ጠጠር ያለ ነገር ተሰማኝ። ቀጥሎ ድንጋይ ሆነ። ሽንቴ መጣ፤ የሆስፒታሉ ዓይነት ሽንት፣ አሁኑኑ የሚል። ወጣሁ፣ ቁጢጥ አልሁ፣ አማጥሁ። የለም። ገባሁ፣ ተነሳሁ፣ ወጣሁ። የለም። ሽማግሎቹ መጀመሪያ “እንቁላሉን ታቀፈ” እያሉ ሲስቁ ነበር። ኋላ ግድግዳውን ይዤ እንደ ምጥ ሴት ስጮህ ሳቁ ቆመ። ጎረቤቴ አፉ ውስጥ የያዘውን ጫት ተፋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

“እኔ ነኝ የገደልሁት” ሲል ሰማሁት።

“ቆይተህ ታለቅሳለህ፣ አሁን ባጃጅ ጥራ!” አለችው ባለቤቴ።

“አልሄድም” አልሁ። “ያን ቱቦ መልሰው ሊሰኩብኝ ነው። አልሄድም፣ እዚሁ ልሙት።”

ማንም አልሰማኝ። ሁለት ሆነው ተሸክመው ጫኑኝ። እስከ አስፋልቱ ያለው ኮረኮንች በየድንጋዩ ነፍሴን እያወጣ መለሳት። ሰው ለሽንት ብሎ እንዲህ አላህን ይጠራል? ጠራሁ። ከወርቅ ከብር አንድ ጊዜ መሽናት ስጠኝ ብዬ ለመንሁ። እንደ ልቤ ሸንቼ የተነሳሁባቸው ቀኖች ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ አንዱንም አመስግኜበት አላውቅም ነበር።

ሮቢት ሐኪም ቤት የተቀበለን ነርስ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፤ ሙቀቱን ገና አልለመደውም፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሆዴን ሲነካኝ ጮህሁ።

“ፊኛዎ ከእምብርትዎ ደርሷል አባባ። በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?”

ወደ ባለቤቴ አየሁ።

“ፓፓያችንን ጠይቀው፤ እሱ ነው የሚጠጣላቸው” አለች ባለቤቴ። “ዛሬ ደግሞ ጫት ቅመዋል።”

“ቱቦ እናስገባለን።”

“አይሆንም።”

“አባባ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዳልልክዎ መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። ቢከፈትም እዚያ የሚያደርጉልዎ ይህንኑ ነው።”

“አይሆንም አልሁህ! አንድ ጊዜ ልሞክር።”

ልጁ አልተከራከረኝም። መታጠቢያው ጋ ወስዶ ቧንቧውን ከፈተልኝ፤ የውሃ ድምፅ አንዳንዴ ያመጣዋል አለ። “ብዙ አልጠብቅዎትም” ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ከኋላዬ በብብቴ ይዛኝ ቁጢጥ አልሁ። ውሃው ይፈሳል። ዕድሜዬን ሙሉ የውሃ ድምፅ ስሰማ ነው የኖርሁት፤ ተኝቼ እንኳ ቦዩ መሙላት አለመሙላቱን በጆሮዬ እለያለሁ። እንደዚያን ሰዓት ግን ጠልቼው አላውቅም። ውሃ ለሲሚንቶው ይወርዳል፣ ለእኔ አይወርድም። አማጥሁ። ዓይኔ ጨለመ። የደም ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀችና ቧንቧው ጠርጎ ወሰዳት። በቃ። ሌላ የለም።

“መጣልዎት?” ትለኛለች በጆሮዬ። “መጣልዎት?”

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። 

“አንቱ ሰውዬ፣ ሸክም እንኳ ችለው አያውቁም፤ ይህን እንዴት ቻሉት? በምን ሞተ ሲሉኝ በሽንት ልበል? ከነግትርነቱ፣ ፓፓያ እያጠጣ ሞተ ልበል?”

እያለቀሰች ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በእኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር።

“አምጣው” አልሁት ልጁን። “ያን ቱቦ አምጣው፤ በአላህ አምጣው።”

አስተኛኝ፣ የሚያደነዝዝ ቅባት አደረገልኝ፣ በአፍዎ ይተንፍሱ አለኝ። ሲገባ አቃጠለኝ፤ በጥርሴ የነከስሁት ፎጣ ተቀደደ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ተያዘ፣ ገፋ አደረገው፣ አለፈ። ከረጢቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። እንደ ጥቁር ሻይ ያለ ሽንት ወረደ፣ ወረደ። ልጁ ቱቦውን ይዞ አሳረፈውና እንደገና ለቀቀው፤ በአንድ ጊዜ መጉደል የለበትም አለ። ሆዴ ሲላላ፣ ድንጋዩ ሲሟሟ፣ ሰውነቴ ሁሉ ውሃ ሆነ። ጮክ ብዬ አለቀስሁ። አላፈርሁም።

ጥቂት ቆይቶ ያ የማውቀው ነገር ተመለሰ፤ ሽንቴ የመጣ መሰለኝ። ፊቴ ሲኮማተር ልጁ አየኝ።

“አባባ፣ ቱቦው ነው እኮ እንደዚያ የሚያ—”

“አውቃለሁ” አልሁት። “አልገፋም።”

ከረጢቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። “ይህ ነው ያቃጠለዎት። ሽንት ሲወፍር ቁስሉን ይልጠዋል፤ በውሃ ሲቀጥን ያጥበዋል” አለ። ውሃ ያነሰው ቦይ ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ ጨው ቅርፊት ሠርቶ እንደሚቀር እኔ አላውቅም? በየበጋው አይቼዋለሁ፣ በዶማ ፍቄዋለሁ። ወደ ገላዬ ያመጣሁት ግን መዝጋቱን ብቻ ነው።

ከነቱቦዬ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቴ ደጄን መርገጥ ፈርቶ ሰነበተ። ሲመጣ ሼሁን ይዞ መጣ። እኔ ሳልነግረው፣ እሱ ራሱ ሽርጤ አጥር ላይ የሚውልበትን ምክንያት ለሼሁ ነግሮ ጠይቆልኝ ኖሯል። ሼሁ ከረጢቱን አይተው ዓይናቸውን አላሸሹም።

“ይህ ዑዝር ነው፤ አላህ የሚምረው ችግር ነው” አሉኝ። “ጊዜው ሲገባ ለየሶላቱ ውዱእህን አድርግ፤ ቢያፈስህም ስገድ። ቱቦው እያለም ስገድ። ውሃ አትጠጣ ያለህ ማነው?”

“ማንም” አልሁ።

“እሱማ ማንንም ሰምቶ አያውቅ” አለ ጎረቤቴ። ከመጣ ጊዜ ጀምሮ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ያን ዕለት የዐስርን ሶላት ከነከረጢቴ ሰገድሁ።

ቱቦው ዳግመኛ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ፍርሃቱ ከመጀመሪያው ባሰ። በራሱ ካልወረደ ምን እሆናለሁ? ልጁ አወጣልኝና “ይጠጡ፤ ሽንትዎን ሳላይ አልለቅዎትም” አለኝ። ጠጣሁ። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትነቅል እያየችኝ ጠጣሁ። እዚያ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሽንት የጠበቅሁትን ያህል የውሃ ተራዬንም ጠብቄ አላውቅ።

መጣ። ገብቼ ቁጢጥ አልሁ። አላማጥሁም፣ አልገፋሁም፤ ዝም ብዬ ቢስሚላህ ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ሽንቴ ተያዘ፤ ቀርቷል ብዬ ልቤ ወደቀ። ከዚያ ወረደ። አቃጠለኝ፤ አልዋሽም፣ ጥርሴን ነከስሁ። ቢሆንም ይወርዳል፤ ቀጭን ነው፣ ውሃ የመሰለ ነው፣ ግን ሳይቋረጥ ይወርዳል።

“ምን ሆኑ? ምነው ዝም አሉ?” አለችኝ በሩን እየደበደበች።

“እየሸናሁ ነው!” አልሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማኝ፤ ይስማ።

አሁንም አንዳንዴ ያቃጥለኛል፤ ይንጠባጠባልም። ጆጉ ጎኔ ነው። ፓፓያው ግን ደርቋል፤ ባለቤቴ እሱንም በእኔ ታሳብባለች።